የሌላ ሰው አክታ

«ትፊበት እንጂ፤ ምን ይገትርሻል?» አለቻት ሰምሃል።

የጤና ጣቢያው ሽንት ቤት መቀርቀሪያ ስለሌለው ሰምሃል በሩን በጀርባዋ ደግፋዋለች። ማራናታ እጇ ላይ ያለውን ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ አየችው። ወገቡ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር «ሰምሃል ዘርአጽዮን፣ ዕድሜ 15» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ነርሷ ሲስተር ሚርያም ብልቃጡን ለሰምሃል ስትሰጣት፣ «የምፈልገው ምራቅ አይደለም፤ ከደረትሽ ሳብ አድርገሽ የምታወጪው አክታ ነው። ውጪ፣ ነፋስ ያለበት ሂጂ» ብላት ነበር። ሰምሃል ግን ማራናታን በክንዷ ጎትታ እዚህ አስገባቻት።

«ሰሚ፣ ይሄ እኮ ያንቺ ምርመራ ነው።»

«ለዛ አይደል እኔ የማልተፋው! አቦ አታካብጂ። አንድ ብልቃጥ ነው፤ ከዚህ በኋላ አበቃ።»

«አሁንም ካለብሽስ?»

ሰምሃል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ካለብኝማ እንደገና ከሀ ልጀምር ነው። እንደገና ያ ሽንት፣ እንደገና ያ ማቅለሽለሽ። የሰኔው ፕሮግራም ቀርቶብኝ ቤት ልታጎር ነው። እሱን ነው የምትፈልጊልኝ? ንገሪኛ!»

ማራናታ አልፈለገችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳለች። ጉንፋን ቢጤ ይዟት ስለሰነበተ አክታው አላስቸገራትም፤ ሦስተኛው ላይ መጣ። ብልቃጡ ውስጥ ተፋችው። ክዳኑን ሰምሃል ራሷ ጠበቅ አድርጋ ዘጋችና ጉንጯን ሳመቻት።

«አንቺ የምር ሰው ነሽ።»

ሲስተር ሚርያም ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው። «ጎበዝ፤ አክታ ማለት እንዲህ ነው» አለች።

ማራናታ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች። በኋላ፣ ሁሉም ነገር ከሆነ በኋላ፣ ከሠራችው ሁሉ አብልጣ የጠላችው ያንን ደስታዋን ነበር።

ማራናታ ኤርሳዶ ከሆሳዕና ወደ ቦሌ አራብሳ የመጣችው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። አባቷ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው፤ እናቷ ቦሌ ለሚ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። አዲሱ ትምህርት ቤት ገብታ በመጀመሪያው ቀን ስሟን ስትናገር ክፍሉ በአነጋገሯ ሳቀ። በሁለተኛውም ቀን ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ ተነስታ፣ «ከዚህ በኋላ በሷ የሚስቅ ጠቡ ከኔ ጋር ነው» አለች። ሳቁ ያኔውኑ ቆመ። ልጅቷ ሰምሃል ነበረች። አንድ ብሎክ ውስጥ ነበር የሚኖሩት፤ ሰምሃል ሦስተኛ ፎቅ፣ ማራናታ አራተኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማራናታ የሰምሃል ሆነች። ቦርሳዋን ትይዝላታለች፤ የቤት ሥራዋን ትሠራላታለች፤ ስትስቅ አብራት ትስቃለች።

ሰምሃል ቆንጆ ነበረች፤ ከትምህርት ቤቱ ደናሾችም የሚደርስባት አልነበረም። ምላሷ ደግሞ ምላጭ ነው። እሷ ለአንድ ልጅ ስም ካወጣችለት ልጁ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ስም ይጠራል። የተሰደበ ሲያለቅስ ማራናታ ልቧ ይሸማቀቃል፤ ግን ስሙ ለእሷ ባለመውጣቱ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች።

ባለፈው ጥቅምት ሰምሃል አንድ ወር ሙሉ ሳለች። ስትመረመር የሳምባ ነቀርሳ፣ ቲቢ ነው ተባለ። እናቷ ትርሓስ ማራናታን ወደ መኝታ ቤት ጠርታ በሩን ዘጋች።

«ስሚኝ፣ ጓለይ። እዚህ ብሎክ ውስጥ ቲቢ የሚለው ቃል ከተሰማ አለቀልን። ልጆቼን ማንም አያስጠጋቸውም። ብሮንካይት ነው የምንለው። እሺ?»

«እሺ፣ እትዬ ትርሓስ።»

ትርሓስ የመቀሌ ሰው ናት፤ የምትወደውን ልጅ ሁሉ «ጓለይ» ትላለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ሩዋንዳ ሰፈር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የወጥ ቤት ኃላፊ ስለሆነች የእንግዶች ቁርስ እንዲደርስ ጎህ ሳይቀድ ከቤት ትወጣለች። ባሏ ዘርአጽዮን በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ስለሚያሠራ ቤቱን የሚያየው በወር አንዴ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ወር ሰምሃል መድኃኒቷን በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄደች ዋጠች። ከታኅሣሥ በኋላ ግን ኪኒኑን ቤቷ ወስዳ ሌላ ሰው እያያት እንድትውጥ ተፈቀደላት። የምታያት እናቷ ትሆናለች ተብሎ ተፈረመ። ትርሓስ ግን የመድኃኒት መከታተያ ካርዱን ለማራናታ ሰጠቻት።

«አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ። ከትምህርት ቤት በፊት ስትውጥ አይተሽ በየቀኑ ምልክት አድርጊልኝ» አለቻት።

አንድ ወር ያህል ደህና ሄደ። ጥር ላይ የትምህርት ቤቱ ውሃ ተቋረጠ። መድኃኒቱ ሽንት ያቀላል፤ ከሰምሃል ቀጥላ ሽንት ቤት የገባችው ልጅ ያየችውን አየችና እየጮኸች ወጣች። «ሰምሃል ጁስ ትሸናለች!» ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በሙሉ «ጁሲ» ይላት ጀመር። ስም አውጪዋ ስም ወጣላት። በእሷ ሲሰደቡ የኖሩት ሁሉ የስንት ዓመት ብድራቸውን መለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ሰምሃል ኪኒኖቹን መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች፤ ጣለቻቸውና ውሃ ለቀቀችባቸው።

«ሰሚ! ሲስተር ሚርያም ስድስት ወር ሙሉ ብላለች እኮ።»

«አላስልም። ወፍሬያለሁ። ደህና ሰው ለምን መድኃኒት ይውጣል?»

«ግን…»

«ምልክቷን አድርጊያታ! ወይስ አንቺም ጁሲ ልትዪኝ ነው?»

ማራናታ ምልክቷን አደረገች።

ከዚያ በኋላ ሰምሃል መድኃኒቱን ጨርሳ አልተወችውም፤ ከመተውም የባሰው ይኼ ነበር። ጠዋት ተነስታ ደረቷን ሲከረክራት ትደነግጥና ሁለት ሦስት ቀን ትውጣለች። ሳሉ ጋብ ሲል ሳምንት ትጥላለች። ካርዱ ላይ ግን አንድም ባዶ ቦታ አልነበረም። መጋቢት ላይ የብልቃጡ ውጤት መጣ፤ ምንም አልተገኘም። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መድኃኒቱ አልቋል፣ ድናለች ተባለ። ትርሓስ ኬክ ገዝታ መጣች። ለማራናታ ትልቁን ቁራሽ ቆረጠችላት።

በሰኔው ፕሮግራም ሰምሃል ደነሰች። ያ ሁሉ «ጁሲ» ሲላት የከረመ ተማሪ ቆሞ አጨበጨበላት። ማራናታ ውሃ ልትሰጣት ወደ መድረኩ ጀርባ ስትሄድ ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ጎንበስ ብላ ስትስል አገኘቻት።

«አቧራ ነው» አለች ሰምሃል፣ ሳትጠየቅ።

የሰምሃል ወንድም ቂርቆስ አራት ዓመቱ ነበር። የሚተኛው ከእህቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ፣ ፊቱን አንገቷ ስር ወሽቆ ነው። ቀን ቀን ደግሞ ከጋሽ አብዲሳ እግር ስር አይጠፋም። ጋሽ አብዲሳ ስድሳ ያለፋቸው የብሎኩ ጥበቃ ናቸው። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ቆዳ ፋብሪካ ሠርተው ደረቅ ሳል ተርፏቸዋል። ማታ ማታ ትርሓስ ከሥራ እስክትመለስ ቂርቆስን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የሚገቡትን መኪኖች ያስቆጥሩት ነበር።

የሰኔ ወር መጨረሻ ላይ ቂርቆስ አተኮሰው። አስመለሰው። ትርሓስ ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ ገዝታ ሰጠችው። አልሻለው ሲል ሌላ ዓይነት ገዛች፤ ከዚያም ጎረቤት ሲተርፋት ያስቀመጠችውን ሦስተኛ ጨመረችለት። ልጁ መጫወት ተወ። ብርሃን ሲያይ ያለቅሳል፤ አንገቱን ሲነኩት ይጮሃል። በስድስተኛው ቀን እጅና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ዓይኑ ተገለበጠ። ሆስፒታል አስተኙት። ሐኪሞቹ ከወገቡ ፈሳሽ ቀድተው መረመሩና ቲቢ ነው፣ ወደ አንጎሉ ሽፋን ገብቷል አሉ።

«ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ነበር?» ብለው ጠየቋት።

ትርሓስ ካርዱን አወጣች። አንድም ቀን ያልተዘለለበት ካርድ ነው። ውጤቱንም አሳየች። ሐኪሙ አገላብጦ አየው። «እንግዲህ ከእህቱ አይመስልም። በደንብ ነው የታከመችው» አለ። ቂርቆስ ለማንም የሚሰጠው የተለመደው የቲቢ መድኃኒት በአፍንጫው በገባ ቱቦ ይሰጠው ጀመር።

ልጁን ማን እንዳስያዘው ለማጣራት የጤና ባለሙያዎች ወደ ብሎኩ ሲመጡ ቃሉ ወጣ። ቲቢ። ሰው ደረጃ ላይ ተሰበሰበ። ትርሓስ ሆስፒታል ናት። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ተስፋማርያም ከማራናታ ጋር ቆማ የነበረችውን ሰምሃልን፣ «ልጁን የሚያቅፈው፣ የሚስል ሰው ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

ሰምሃል ማራናታን አላየቻትም።

«ጋሽ አብዲሳ ሁሌ ይስላሉ» አለች። «ቂሩን ሁሌ ያቅፉት ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ለማጣራት የቆመ ማንም አልነበረም። የጥበቃውን ክፍል በር የከፈቱት በሚጣል ጓንት ነው። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ ፔርሙዙን፣ ሬዲዮኑን አውጥተው አፈር ላይ ጣሏቸው። ፍራሹ ላይ ጋዝ ተርከፍክፎ ተለኮሰ። ጋሽ አብዲሳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የሚቃጠለውን ያያሉ። ሽማግሌው ጫማ ያስሩላቸው የነበሩት የብሎኩ ልጆች አፋቸውን በቲሸርታቸው ሸፍነው በስልካቸው ይቀርጿቸዋል።

ሽማግሌው በማግስቱ ራሳቸው ሄደው ተመረመሩ። ነጻ ናቸው። ወረቀቱን ይዘው ተመለሱ፤ በሩ ላይ ቆመው ለመጣ ለሄደው ዘረጉት። የሚቀበላቸው ጠፋ።

«ወረቀቱም ተበክሎ ይሆናል» አለች አንዲት ሴት፤ አንዳንዱ ሳቀ።

ማራናታ አንገቷን ደፍታ ልታልፋቸው ስትል ጋሽ አብዲሳ ጠሯት።

«ልጁስ? ይሻለዋል?»

«ደህና ነው» አለች ማራናታ። ደህና አልነበረም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ወረደች። ሰምሃል ለብቻዋ አልጋዋ ላይ ነበረች። ትከሻዋ አጥንት ብቻ ሆኗል።

«ለምን እሳቸውን አልሽ?»

«ታዲያ ማንን ልበል? እኔ ነኝ ልበል?»

«ፍራሻቸውን አቃጠሉት እኮ፣ ሰሚ።»

«ሽማግሌ ነው፤ ሌላ ቦታ ጥበቃ ይቀጠራል። እኔ ከታወቀብኝ ወዴት ነው የምሄደው? እስቲ ንገሪኝ! አይተሻል አይደል ምን እንዳደረጉት?»

«ቂሩ ግን… ሐኪሞቹ ሳያውቁ…»

ሰምሃል ከአልጋው ዘላ ተነሳች። «ከተናገርሽ አንቺም አብረሽ ነሽ። ካርዱ ላይ ያለው የማን እጅ ነው? ብልቃጡ ውስጥ የነበረው የማን አክታ ነው? እኔ ታማሚ ነኝ፤ ለታማሚ ይታዘናል። አንቺስ ምንድነሽ?»

ሳሉ ንግግሯን ቆረጠው። ለረጅም ጊዜ ሳለች። ሶፍቱን ከአፏ ስታነሳ ቀይ መስመር ነበረበት። ጨብጣ ደበቀችው። ከዚያ ድምፅዋ ሌላ ሆነ። «ከኔ እንደያዘው የማላውቅ ይመስልሻል? አጠገቤ ነው እኮ የሚተኛው» አለች። ወዲያው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ውጪልኝ።»

ማራናታ ወጣች። አልተናገረችም። ነገ እናገራለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ለከነገ ወዲያ ታሳድረዋለች። ትርሓስ ልብስ ልትለውጥ ስትመጣ ደረጃ ላይ ታገኛታለች። ልጁ ሆስፒታል በገባ በአምስተኛው ቀን ትርሓስ፣ «መድኃኒቱ ጊዜ ይፈልጋል ብለዋል» አለቻት። በሰባተኛው ቀን፣ «ሐኪሞቹ ግራ ገብቷቸዋል፣ ጓለይ። መድኃኒቱ አልያዘልኝም። ስጠራው ወደኔ አያይም» ብላ አንገቷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ማራናታ እንደ እንጨት ቆማ አቀፈቻት።

በስምንተኛው ቀን የእናቷ የጸሎት ቡድን እነሱ ቤት ተሰበሰበ። ለቂርቆስ ሊጸልዩ ነው። ሴቶቹ ተራ በተራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩ፤ አለቀሱ። እናቷ ክንዷን ነካ አደረገቻት።

«አንቺም ጸልዪለት። ይወድሽ የለ።»

ማራናታ ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ…» አለች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ጠበቃት። ምን ብላ ትቀጥል? እኔ የማውቀውን ሐኪሞቹ እንዲያውቁ አድርግልኝ ትበል? አፏ ተከፍቶ ቀረ። ሴቶቹ ኀዘን ያነቃት መስሏቸው በእጃቸው ጀርባዋን እየዳሰሱ «አሜን፣ አሜን» አሉላት።

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ሚርያም በሽተኛ ሸኝታ እጇን እየታጠበች ነበር። ማራናታ ቆማ፣ ከሽንት ቤቱ ብልቃጥ ጀምራ ሁሉንም ነገረቻት። ካርዱን፣ የተጣለውን ኪኒን፣ ጋሽ አብዲሳን። ስትጨርስ ሲስተር ሚርያም ቧንቧውን ዘጋች። አልጮኸችባትም፤ ብትጮህባት ማራናታ በወደደች ነበር።

«ልጁ ሆስፒታል ከገባ ስንት ቀኑ ነው?»

«ዘጠኝ።»

ነርሷ ስልኳን አንስታ ቁጥር መፈለግ ጀመረች። ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ ነበር የምትናገረው። «መድኃኒት እየጀመሩ ሲያቋርጡት ደካማው ተህዋስ ይሞታል፤ ጠንካራው ይተርፋል። የተረፈው ነው የሚራባው፤ መድኃኒቱን ተላምዶት። እህቱ ወንድሟ ላይ የተነፈሰችው እሱን ነው። ሐኪሞቹ እሷ የተላመደ ቲቢ እንዳለባት ቢያውቁ በመጀመሪያው ቀን ሌላ መድኃኒት ይጀምሩለት ነበር። የትንሽ ልጅ አክታ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ያስያዘውን ሰው አይተን ነው የምንወስነው። እኛ ያየነው ግን ያንቺን አክታ ነው።» ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «ዘጠኝ ቀን ውሃ ሲሰጡት ከረሙ ማለት ነው።»

ማራናታ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ…»

«አዎ» አለች ሲስተር ሚርያም። ከዚያ በስልኩ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ጀመረች።

የሰምሃል አክታ በማግስቱ ተመረመረ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው። የማራናታ ቤተሰብም ተመረመረ፤ ማንም የለበትም። የቂርቆስ መድኃኒት ተለወጠ። ቂርቆስ ኖረ። ትኩሳቱ ወረደ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። ግን ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙለትም። አፉን ይከፍታል፤ የሚወጣው ድምፅ ቃል አይደለም። እናቱ ፊቱ ላይ ስታጎነብስ ዓይኑ አልፏት ጣሪያውን ያያል። ሐኪሞቹ ትንሽ ሊሻሻል ይችላል፤ እንደ ድሮው ግን አይሆንም አሉ።

ሰምሃል ብዙ ወራት የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት ጀመረች። ከኪኒኖቹ አንዱ የሰውነት ቆዳ ያጠቁራል፤ በሐምሌ መጨረሻ ያ ሁሉም ሲያደንቀው የነበረ መልኳ መለወጥ ጀመረ። ሰው እንዳያያት መስኮቷን በአንሶላ ጋረደች። ማራናታ ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ሁለተኛው ላይ ከበሩ ጀርባ፣ «ሰላይ» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ሳል።

ትርሓስን ያገኘቻት ደረጃ ላይ ነበር። ትመታኛለች ብላ ፈርታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ትርሓስ አልመታቻትም፤ አልረገመቻትም። ለረጅም ጊዜ ፊቷን አየቻት።

«ጓለይ ብዬሽ ነበር» አለች፤ ደረጃውን መውጣት ቀጠለች።

ብሎኩ ግን ምንም አላወቀም። ሲስተር ሚርያም የበሽተኛ ምስጢር አታወጣም። ሰምሃል አስም ብሶባት ነው ተባለ። ጋሽ አብዲሳ ልጅ የበከሉ ሽማግሌ ሆነው ቀሩ፤ በቦታቸው ወጣት ጥበቃ ተቀጠረ። የብሎኩ ልጆች አዲስ ጨዋታ ፈጠሩ፤ አንዱ «አብዲሳ» ይሆንና እየሳለ ያባርራል፤ የተነካው ይወድቃል።

ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ማራናታ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ጋሽ አብዲሳ ከብሎኩ በር ውጪ ቆመው አገኘቻቸው። ላስቲክ ደርበዋል። ወደ ላይ አንጋጠው ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ከቆሙት ከአቶ ተስፋማርያም ጋር ይነጋገራሉ።

«አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያንን ብቻ ጻፉልኝ» አሉ ሽማግሌው።

«አብዲሳ፣ ለበሽተኛ ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ነገ እዚያም ልጅ ቢያዝ ማን ሊጠየቅ ነው?» አቶ ተስፋማርያም ወደ ቤት ገብተው የበረንዳውን በር ዘጉ።

ጋሽ አብዲሳ ዞር ሲሉ ማራናታን አዩአት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሰው ሲያዩ መራቅ ለምደው ነበር።

«ምን ብለውዎት ነው፣ ጋሽ አብዲሳ?»

«ጎሮ አንድ ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች ጥበቃ ይፈልጋሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ተይው፣ ልጄ። ዝናብ እንዳይመታሽ፣ ግቢ።»

ዳቦውን እንደያዘች ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። የአቶ ተስፋማርያምን በር አንኳኳች። ሰውየው በካኒቴራ ሆነው ከፈቱላት።

«ጋሽ አብዲሳ ቲቢ የለባቸውም» አለች። «ደብዳቤውን ይጻፉላቸው።»

«ማን ነገረሽ?»

«አውቃለሁ። ልጁን ያስያዙት እሳቸው አይደሉም።»

አቶ ተስፋማርያም በሩን ተደገፉ። «አሃ። ታዲያ ከማን ያዘው?»

«እሱን አልናገርም። ከእሳቸው እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።»

ሰውየው ሊስቁ ብለው ተዉት። ከእግር እስከ ራሷ አዩአት፤ ልጁን ስታቅፍ፣ ስትመግብ፣ በደረጃው ስታወጣ ስታወርድ የኖረችውን ልጅ። ግማሽ እርምጃ ወደ ውስጥ ሸሹ። ከኋላቸው ማራናታ ክረምቱን ሒሳብ የምታስጠናት ትንሿ ሴት ልጃቸው «ማራኒ!» ብላ ስትሮጥ መጣች፤ በክንዳቸው ደረቷን ገፍተው መለሷት።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ፤ የካኒቴራቸውን አንገት ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።

አይደለሁም ማለት ይቻል ነበር፤ የምርመራዋ ወረቀት ቤት አለ። ግን እሷ አይደለሁም ካለች ሰውየው ታዲያ ማን ነው ይላሉ፤ በዚህ ደረጃ ላይ ማራናታ አብራት የምትወጣና የምትወርድ ልጅ አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ፣ አንሶላ ከተጋረደበት መስኮት ጀርባ አለች። ነገ ጠዋት የራሷ እናት ወደ ፋብሪካ ስትወርድ ሰው እንዴት እንደሚሸሻት፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት አጠገቧ ያለው ወንበር እንዴት ባዶ እንደሚሆን ታያት። ምን ዓይነት ስም እንደሚያወጡላት እንኳ መገመት አላቃታትም።

«አንቺን ነው የምጠይቅሽ!»

«ጋሽ አብዲሳ ዝናብ ላይ ቆመዋል» አለች። «እስኪጽፉ እዚሁ እጠብቃለሁ።»

በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ። ከውስጥ በረኪና አምጪ የሚል ድምፅ፣ የልጅ ለቅሶ፣ የሚጎተት ወንበር ተሰማ። ከላይ ፎቅ የወረደች ሴት አየቻትና ምን ሆና እንደቆመች ጠየቀቻት። ማራናታ መንገድ ለቀቀችላት እንጂ አልመለሰችላትም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከብዙ ቆይታ በኋላ የታጠፈ ወረቀት በበሩ ስር ብቅ አለ። አንስታ ዘረጋችው፤ እያንዳንዱን መስመር አነበበች። ከዚያ መልሳ በበሩ ስር ገፋችውና በሩን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ማኅተም የለውም» አለች።